የደሴ ገበያ ዋጋ ምን ይመሰክራል? የአማርትያ ሴን የወሎ ረሃብ ትንተና ሲፈተሽ

በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ ሲነሳ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በአጭሩ ይነገራል፦ ዝናብ ቀረ፣ እህል ጠፋ፣ ሕዝብ አለቀ። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ድህነትንና ረሃብን በመረመረበት መጽሐፉ መካከለኛዋን ሐረግ ነጥሎ ጠየቀ። በእርግጥ የጠፋው እህል ነው?

የሴን አካሄድ የምጣኔ ሀብት አስተሳሰብን መሠረት ጥርት አድርጎ ያሳያል። አንድ ማብራሪያ እውነት ቢሆን ኖሮ ገበያው ላይ ምን ይታይ ነበር ብሎ ይነሳል። እህል ጎድሎ የገዢው አቅም እንደነበረ ቢቆይ ዋጋው መናር ነበረበት። በደሴ የተመዘገበው የእህል ዋጋ ግን ከቀደሙት ዓመታት ብዙም አልራቀም። በአገር ደረጃ የምግብ ምርት የቀነሰው በመጠኑ ብቻ ነበር። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይጫን እንደነበርም መጽሐፉ ይገልጻል። ሁለቱን ከተሞች በደሴ በኩል በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ዳር ደግሞ ረሃብተኞች መኪና እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር።

ሴን ይህን እንቆቅልሽ የፈታው ከሻጩ ወደ ገዢው ዞሮ ነው። ለወሎ ገበሬ አዝመራው ምግቡም ገቢውም ነው። አዝመራው ሲከሽፍ ጎተራው ባዶ ይቀራል፤ ወደ ገበያ ይዞት የሚወጣው ገንዘብም የለም። አቅርቦትና የመግዛት አቅም አብረው ከወደቁ ዋጋው ባለበት ሊቆም ይችላል።

የአፋር አርብቶ አደር ሁኔታ ነገሩን ይበልጥ ያጎላዋል። አርብቶ አደሩ ከብት ሸጦ እህል ይሸምታል። በድርቁ ከብቱ አለቀ፤ የተረፈውም ከስቶ ስለነበር በገበያ የሚያስገኘው እህል አሽቆለቆለ። ከዚያ ቀደም ብሎ በአዋሽ ሸለቆ የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች የበጋ ግጦሹን ወስደውበት ነበር። ስለዚህ የእህል ዋጋ ብቻውን የዚህን ሰው ችግር አይነግርም፤ ከከብት ዋጋ ጋር ተነጻጽሮ መታየት አለበት።

ትንተናው ግን ያለ ተቃውሞ አልታለፈም። ተመራማሪው ስቲቨን ደቨሮ በ1988 እ.ኤ.አ. የወሎን መረጃ ዳግም መርምሮ የምግብ እጥረቱ ቀላል ግምት እንደተሰጠው ተከራክሯል። ትችቱ ክብደት አለው። ደሴ በዋናው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከመንገዱ የራቁት የገጠር ገበያዎች እህል የሚያገኙት በአህያና በሰው ጀርባ ነበር። የደሴ ዋጋ ስለ እነርሱ አስተማማኝ ምስክር አይሆንም። ሴን ራሱ በወሎ ምርት መውደቁን አልካደም፤ የእርሱ ጥያቄ እህል ከሌላ ቦታ ለምን አልመጣም የሚል ነው። መልሱ የወሎ ሰው ገንዘብ ማጣት ብቻ ሳይሆን የመንገድ እጦትም ሊሆን እንደሚችል ግን በቂ ቦታ አልሰጠውም። ረሃቡን ይደብቅ የነበረው መንግሥት ተጠያቂነትም በዚህ ማዕቀፍ ውስጥ ደብዝዞ ይታያል።

ክርክሩ የቤተ መጻሕፍት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተጀመረው፣ የምግብ እጥረት ላለባቸው ቤተሰቦች የሚደርሰው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ለብዙ ተጠቃሚዎች ከእህል ይልቅ ጥሬ ገንዘብ ሲከፍል የሴን ዓይነት ምክንያት ነበረው፤ ገበያው እህል ካለው የጎደለው ብር ነው። በቀን 6 ብር የነበረው ክፍያ በ2000 ዓ.ም. 8 ብር ሲሆን የእህል ዋጋ ግን ከዚያ እጅግ በፈጠነ ፍጥነት አሻቀበ፤ ገንዘብ ተቀባዩ ተጎዳ፣ ብዙዎችም እህል ይሻለናል አሉ። ገንዘብ ረሃብን የሚያስታግሰው ሻጩ እህል ማምጣት ሲችል ነው። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ የዞን ከተማ ዋጋ አይበቃም። በየወረዳው ትንንሽ ገበያዎች የእህል፣ የፍየልና የቀን ሥራ ዋጋ ጎን ለጎን በየሳምንቱ መመዝገብ አለበት፤ የእርዳታው ዓይነትም በዚያ መዝገብ ይወሰን።