የዘማች መቃብር በድንጋይና በሙሾ መካከል

በ1928 ዓ.ም. ከልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጋር ወደ ሽሬ የዘመተው የጎጃም ሠራዊት በታኅሣሥ ወር በደምበጉይና ድል አደረገ፤ በየካቲት መጨረሻ ግን በሽሬ ግንባር፣ ቀጥሎም በተከዜ መሻገሪያ ላይ ከአውሮፕላን በወረደ ቦምብ ረገፈ። አብዛኛው የወደቀው ከደብሩ ርቆ፣ ያለ ፍታትና ያለ ምልክት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሟች መታሰቢያ የሚሆነው ምንድን ነው? ጥያቄው የታሪክ ብቻ ሳይሆን የኪነ ጥበብም ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው መልስ ድንጋይ ነው። አዲስ አበባ፣ ጉለሌ የሚገኘው የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ ወታደሮች ያረፉበት ነው። መቃብሩን የሚጠብቀው ኮሚሽን በ1917 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን፣ ሟች ሁሉ በስሙ እንዲታሰብ፣ በማዕረግም ሆነ በሃይማኖት እንዳይበላለጥ ደንግጓል። የሥፍራው ውበት ከዚሁ ሕግ የመነጨ ነው። አንዱ ድንጋይ ከሌላው አይበልጥም፤ ተመልካቹም ጀግና መፈለጉን ትቶ ስም ማንበብ ይጀምራል። በየአደባባዩ ከሚቆመው የፈረሰኛ ሐውልት ይልቅ ይህ የጦርነትን እውነት ይናገራል።

ይሁንና ሕጉ ለሁሉም አልደረሰም። ኮሚሽኑ ራሱ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሞቱት መካከል ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ ሰዎች፣ በተለይ የምሥራቅ አፍሪካና የግብፅ ተወላጆች፣ በስማቸው ወይም ጨርሶ ሳይታሰቡ መቅረታቸውን አምኗል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ስንቅና ጥይት ተሸካሚዎች ነበሩ።

ሁለተኛው መልስ የጎጃም የራሱ ነው፤ እርሱም ሙሾ ነው። መርዶ ሲመጣ ሬሳ ባይኖርም ለቅሶ ይቆማል። የሟቹ ልብስ፣ ጠመንጃና ጋሻ ይወጣል፤ ፈረሱም ተጭኖ ይጎተታል፤ አልቃሿ ግጥሙን ትደረድራለች። ይህ በድን የሌለበት መቃብር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የድንጋይ ጽሑፍ ስምና ቀን ብቻ ሲይዝ፣ ሙሾ አነጋገሩን፣ አረማመዱንና ያልከፈለውን ዕዳ ሳይቀር ይይዛል።

ነገር ግን የሙሾን ሥልጣን የሚያደንቅ ሁሉ ጉድለቱንም ማየት ይገባዋል። ግጥሙ የሚነሣው ከፈረሱ፣ ከጠመንጃውና ከትውልድ ሐረጉ ነው። ፈረስ ያልነበረው፣ ጠመንጃ ያልታጠቀው፣ አህያ እየነዳ የዘመተው ገበሬ፣ ቋቱን ተሸክማ የተከተለችው ሴት በምን ይሞገሳሉ? በ1933 ዓ.ም. የካቲት 27 ቀን ደምበጫ አጠገብ የተዋጋው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ብዙ ሰው አጥቷል። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ታሪክ የመዘገበው ግን የመሪዎችን ስም ነው። ድንጋዩም ሙሾውም፣ አንዱ ከባሕር ማዶ ሌላው ከአገር ቤት ቢመጡም፣ የጎደሉት በአንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሁለቱም ተሸካሚውን ረስተዋል።

እዚህ ላይ የሐዲስ ዓለማየሁ ሥራ ይታወሳል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃምን ጭሰኛና ባላባት፣ ተማሪና ካህን እኩል የሰው ክብር ሰጥቶ ሥሏል። በዛብህና ሰብለ ወንጌል በአንባቢ ልብ ውስጥ የታወቀ መቃብር አላቸው፤ ደራሲው ራሱ በሽሬ ግንባር አብሯቸው የዘመታቸው ሰዎች ግን የላቸውም። ልብ ወለድ ለፈጠራ ሰው ይህን ካደረገ፣ የታሪክ ሥነ ጽሑፍ በሥጋ ለኖረው ሰው ከዚህ ያነሰ ሊያደርግ አይገባም።

ስለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ ትልቅ ሐውልት አይደለም። ከድንጋዩ እኩልነትን፣ ከሙሾው ሕይወትን የሚወስድ ሥራ ነው። በየደብሩ ያሉ ሽማግሌዎችና አልቃሾች የሚያስታውሱት ስም ከነግጥሙ ይመዝገብ፤ ግጥም የሌለው ስምም በባዶነቱ አይጣል፣ በዚያው ረድፍ ይግባ። ባለቅኔውም ከፈረሱ ጀርባ ወርዶ አህያ ነጂውን በእግር ይከተል። አስታዋሾቹ እያለቁ ነውና ጊዜው አጭር ነው፤ እነርሱ ሲያልፉ ዘማቹ ለሁለተኛ ጊዜ ያለ ፍታት ይቀበራል።