«ግድፈት» እና «ጉዳት»፤ በሳንቲም ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የስያሜ ሥራ በእጅጉ የሚፈተነው ሁለት ነገሮች ለዓይን ተመሳስለው በባሕርይ ሲለያዩ ነው። የሳንቲም ጥናት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በሳንቲም ላይ የሚታይ ጉድለት ሳንቲሙ ሲሠራ የተፈጠረ ወይም ከተሠራ በኋላ የደረሰበት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው በሰብሳቢዎች ዘንድ ከተጻፈበት ዋጋ እጅግ የበለጠ ሊያወጣ ሲችል፣ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውን ያሳንሰዋል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቃል የሚጠራ ተርጓሚ አንባቢውን ለአታላይ ያመቻቸዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ተርጓሚ ብዕር ቀድሞ የሚመጣው «የተበላሸ ሳንቲም» የሚለው ሐረግ ነው። ይሁን እንጂ «ተበላሸ» የመጨረሻውን ሁኔታ ይነግረናል እንጂ መቼና በምን ምክንያት እንደ ሆነ አያሳውቅም፤ ወጥም፣ መኪናም፣ ጠባይም ይበላሻል። ከዚህም በላይ ቃሉ ቀድሞ ደኅና የነበረ ነገር እንዳለ ያስገምታል። ከማተሚያው ጎድሎ የወጣ ሳንቲም ግን ደኅና የነበረበት ጊዜ የለውም። «የስሕተት ሳንቲም» የሚለውም ቢሆን ሐሳባችንን ወደ ሠሪው ሰው ይስበዋል፤ የማተሚያው ብረት በሥራ ብዛት ሲሰነጠቅ ግን የሳተ ሰው ላይኖር ይችላል።

በቋንቋችን ተለይተው የቆሙ ሁለት ቃላት አሉ። «ግድፈት» በማተሚያ ቤት ልማድ መጽሐፉ ሲታተም የገባውን ጉድለት ያመለክታል፤ ገጹ በኋላ ቢቀደድ ማንም «የኅትመት ግድፈት» አይለውም። «ጉዳት» ግን አስቀድሞ የነበረ ተጎጂ ይሻል። ሳንቲምም እንደ መጽሐፍ ስለሚታተም ልዩነቱን ወደዚህ ማሸጋገር አያስቸግርም። በግእዝ «ገደፈ» ጣለ፣ ተወ ማለት ስለሆነ ቃሉ ለጎደለ ነገር ብቻ ይስማማል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም ሁለት ጊዜ የታተመ ፊደልም ግድፈት መባሉ በልማድ የጸና ነው።

ስያሜው ከነገሩ አሠራር ጋር ይስማማ እንደ ሆነ እንመርምር። ለሳንቲም ሥራ ያልታተመ ክብ ብረት፣ ምስል የተቀረጸበት ማተሚያ ብረት እና ምት ያስፈልጋሉ። ያልታተመውን ክብ «ልሙጥ» ብንለው ተስማሚ ነው። ማተሚያው ብረት ሲሰነጠቅ፣ ልሙጡ በምቱ ኃይል ወደ ስንጥቁ ስለሚገባ በሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ መስመር ይወጣል። በምስማር የተጫረ ሳንቲም ግን የጎደጎደ መስመር ይኖረዋል፤ የተገፋውም ብረት በጭረቱ ዳር ይቆለላል። እንግዲህ የመጀመሪያውን «የተሰነጠቀ ሳንቲም» ማለት ፈጽሞ አይገባም፤ የተሰነጠቀው ማተሚያው ነውና።

«ሸረፈ» የሚለውም ግስ ጥንቃቄ ይሻል። ይህ ግስ ከሙሉ ነገር ጠርዝ ቆርሶ ማጉደልን ያመለክታል፤ ብር መዘርዘርም መሸረፍ ይባላል። ልሙጡ ከብረቱ ዝርግ ሲበጣ፣ መብጫው ቀድሞ በተበጣው ቀዳዳ ላይ ከተደረበ ልሙጡ ጨረቃ መስሎ ጎድሎ ይወጣል። የዚህ ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከጎደለው ትይዩ ያለው ጠርዝ መደብዘዙ ነው፤ በኋላ በመቁረጫ የተቆረጠ ሳንቲም ይህን አያሳይም። ስለዚህ የፊተኛው «ጎደሎ ልሙጥ»፣ የኋለኛው «የተሸረፈ ሳንቲም» ቢባል መልካም ነው።

አስቸጋሪው የመደረብ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ዓ.ም. በአሜሪካ በታተመው ታዋቂ የአንድ ሳንቲም ገንዘብ ላይ ዓመተ ምሕረቱና ጽሑፉ ተደርበው የሚታዩት፣ ምስሉ በማተሚያው ብረት ላይ ራሱ ተደርቦ በመቀረጹ ነው። ማተሚያው በምቱ ፍጻሜ ላይ ሲንሸራተትም ተመሳሳይ መደረብ ይታያል፤ ይህ ግን ፊደሉን ገፍቶ ጠፍጣፋ ደረጃ የሚመስል ነገር ይተዋል። አንዳንድ የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ይህን የኋለኛውን ከጉዳት ይቆጥሩታል። ሁለቱንም «ድርብ ሳንቲም» ብሎ መተርጎም ተራውን ከብርቅዬው ጋር መቀላቀል ይሆናል። «ድርብ ማተሚያ» እና «የማተሚያ መንሸራተት» ቢባሉ ግን ምንጫቸው ከስማቸው ይታወቃል።

ወሰኑ የት ላይ ነው? የፋብሪካው ግንብ አይደለም። ሳንቲሙ ከታተመ በኋላ እዚያው በመቁጠሪያ መሣሪያ ቢጫር ጉዳት ነው። በአንጻሩ ልሙጡ ከመታተሙ በፊት ተጭሮ ምቱ ያልደመሰሰው ከሆነ፣ ጭረቱ ለልሙጡ ጉዳት፣ ለሳንቲሙ ግን ግድፈት ነው። ወሰኑ እንግዲህ የመጨረሻው ምት ነው፤ ሳንቲም ሳንቲም የሚሆነው በእርሱ ነውና።

ስለሆነም በመዝገበ ቃላት አዘገጃጀት «ግድፈት» እስከ መጨረሻው ምት ለሚፈጠረው፣ «ጉዳት» ከዚያ በኋላ ለሚደርሰው ይመደብ። በእጅ ብዛት መሟሟት ከሁለቱም ተለይቶ «ሟሟ» ይባል። «ብልሽት» ግን ከሙያው ስያሜነት ይውጣ፤ ምንጩ ገና ያልታወቀውን ለመጥራት «ጉድለት» ይበቃልና።