የሲድ አያት

እህቶቼ፣ አሰሪዎቻችን ቤት ልጆቹ የሚከፍቱት ቲቪ ሁሉ ጩኸት አይደለም። «ሲድ ዘ ሳይንስ ኪድ» እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ የልጆች ፕሮግራም ነው። ሲድ ጠዋት ማይክራፎኑን ይዞ አንድ ጥያቄ ያነሳል፣ ቀኑን ሙሉ እሷን ሲያጣራ ይውላል። አንዱ ክፍል ላይ ሙዙ ለምን እንደላመ ሲጠይቅ ስለ መበስበስ ይማራል። መልሱን ቶሎ አያጎርሱትም፤ አይቶ፣ ነክቶ፣ ደብተሩ ላይ ስሎ ነው የሚደርስበት። ዘፈኑ ግን በዝቷል፣ ያሰለቻል።

እኔን የያዘችኝ አያቱ ናት። ከትምህርት ቤት በመኪና ስትመልሰው በሷ ጊዜ እንዴት እንደነበር ታጫውተዋለች፤ የሷም ወሬ ከትምህርቱ ይቆጠራል። የኛ ልጆች እኮ አያት ጋር ነው የሚያድጉት! ሊጡ ለምን ኩፍ አለ፣ እንጀራው ለምን ዓይን አወጣ ቢሉ፣ እማማ ዕድሜዋን ሙሉ እርሾ ስታቆይ የኖረች ናት። በአማርኛ «ጸሐይ መማር ትወዳለች» አለችልን፣ ተመስገን ነው። እንደ ሲድ ያለ ፕሮግራም ሊጥ ከምታቦካ አያት ጋር ቢሠራልን ደግሞ እንዴት ደስ ባለኝ።

ልጄ በስልክ «ለምን?» ስትለኝ «አያትሽን ጠይቂና አርብ ንገሪኝ» እላታለሁ። ባለፈው አርብ፣ ሊጡ ብርድ ሲሆን ቶሎ እንደማይቦካ ነገረችኝ።