ሽቦው ጌጥ አይደለም

የድሮ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን በእንጨት አሳንሶ የሚሠራ ሰው ድካሙን ሁሉ የሚያፈሰው እንጨቱ ላይ ነው። ይቆርጣል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ በኮላ ያጣብቃል። ሽቦው ለመጨረሻው ቀን ይተርፍና፣ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ለዓይን ማማሪያ ይወጠራል። እኔ ይህ ቅደም ተከተል ተገልብጧል ባይ ነኝ። ድርብ ክንፍ አውሮፕላን በሽቦ ተወጥሮ የቆመ ሳጥን ነው፤ እንጨቱ ሲጫኑት ይችላል፣ ሽቦው ሲጎትቱት ይችላል፣ ቅርጹ የሚጸናው በሁለቱ ትግል ነው። በሞዴሉም ላይ ሽቦው ሥራ ይዞ መግባት አለበት።

ሐሳቡ የመጣው ከድልድይ ነው። አሜሪካዊው ኦክታቭ ቻኑት የባቡር ሐዲድና የድልድይ መሐንዲስ ነበር፤ በ1896 እ.ኤ.አ. በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ለተሞከረው ሞተር አልባ ተንሳፋፊ ሁለቱን ክንፎች በቋሚ እንጨትና በሰያፍ ሽቦ ሲያስር የኖረበትን ሙያ ነው ወደ አየር ያወጣው። የራይት ወንድማማቾችም ያንኑ ተከተሉ። በ1916 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የእንግሊዞቹ ሶፕዊዝ ካሜልም የዚሁ አሠራር ልጅ ነው፤ ለእንጨት ሞዴል ከሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። አካሉን የለበሰው ጨርቅ ቢገፈፍ የሚታየው ከአፍንጫ እስከ ጭራ የሚሄዱ አራት ረጃጅም እንጨቶች፣ በየመካከላቸው አጫጭር ቋሚዎችና አግዳሚዎች፣ በየክፍሉም ተጠላልፈው የሚያልፉ ሁለት ሁለት ሽቦዎች ናቸው።

ይህን አካል በአንድ አሥራ ስድስተኛ መጠን ሲሠሩት መጋጠሚያዎቹን ወዲያው በኮላ አለማሰር ይበጃል። አንዱን ሰያፍ ሽቦ ጥቂት ሲያጠብቁት የያዛቸው ሁለት ማዕዘኖች ይቀራረባሉ፣ የተቀሩት ሁለቱ ይራራቃሉ፤ በሌላኛው ሽቦ ደግሞ መልሶ ማመጣጠን ነው። ሁለቱ ሰያፎች እኩል እስኪሆኑ በኮምፓስ እየለኩ ከፊት ወደ ኋላ መሄድ ነው። የጠፍር አልጋ የሠራ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ጠፍሩ በአንድ ወገን ሲከር አልጋው ይወላገዳል። ከአብራሪው መቀመጫ አጠገብ የተዘለለች ግማሽ ሚሊ ሜትር ጭራው ላይ ስትደርስ በዓይን የምትታይ ጥምዝ ትሆናለች። ኮላው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከመጣ ስህተቱን ያጸናዋል እንጂ አያርመውም።

ክንፉ ላይ ጉዳዩ ይብሳል። የካሜል የላይኛው ክንፍ ለማምረት እንዲቀል ተብሎ ቀጥ ያለ ሆኖ ተሠራ፤ የታችኛው ግን ወደ ጫፎቹ 5 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። በመሆኑም በሁለቱ ክንፎች መካከል ያለው ክፍተት ከመሃል ወደ ዳር እየጠበበ ይሄዳል። ከአካሉ ታች ተነሥተው ወደ ላይኛው ክንፍ የሚወጡት ሽቦዎች በበረራ ጊዜ ክንፉ ወደ ላይ እንዳይታጠፍ ይጎትታሉ፤ ከላይ ከመሃል ወደ ታችኛው ክንፍ የሚወርዱት ደግሞ መሬት ላይ የክንፉን ክብደት ያንጠለጥላሉ። ክፍተቱ ስለሚጠብ የአንዱን ዓይነት ርዝመት ለሌላው ማዋስ አይቻልም፤ ክንፎቹ በቦታቸው ቆመው ሳይለኩ ሽቦ መቁረጥ ከንቱ ልፋት ነው።

የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ የስሌት ነው። ርዝመት 16 ጊዜ ሲያንስ ክብደት 4096 ጊዜ፣ ጭነቱን የሚችለው የእንጨቱ ቁርጥ ገጽ ስፋት ግን 256 ጊዜ ብቻ ያንሳል፤ ስለዚህ ትንሹ ሞዴል ከክብደቱ አንጻር ከትልቁ 16 እጥፍ ይጠነክራል፣ ያለ ሽቦም ይቆማል። ሐቅ ነው፤ ሞዴሉን ከመውደቅ የሚያድነው ሽቦው ነው የሚል ሰው ይሳሳታል። ግን ሽቦው ሁለት ሥራ ነበረው፦ መሸከምና ማቅናት። መሸከሙ በማነስ ይጠፋል፣ ማቅናቱ አይጠፋም። እንዲያውም 4 ሚሊ ሜትር የነበረው ሽቦ ሩብ ሚሊ ሜትር ቢሆንም፣ ቀጭን እንጨት እርጥበት ባገኘው ቁጥር ስለሚጣመም፣ የማቅናቱ ሥራ ይበረታል።

ሌላው ተቃውሞ ሁሉም ነገር ጨርቅ ሥር ይደበቃል፣ ማን ያየዋል የሚለው ነው። የክንፉ ሽቦ መቼም አይደበቅም። የአካሉም ቢሆን፣ ጨርቁን የሚወጥረው ቅብ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ያልቀና አካል ላይ ከለበሰ ጥምዝማዙን ከውጭ አጉልቶ ያወጣዋል። ለእኔ ግን የተሻለው መፍትሔ ሌላ ነው፤ ግራውን ማልበስ፣ ቀኙን ራቁቱን መተው። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያረፈውን፣ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችውን ፖቴዝ 25 ለመሥራት የሚያስብም ይህንኑ ቢሞክር ይጠቀማል፤ የላይኛው ክንፉ 14.14 ሜትር ሲሆን የታችኛው በጣም ስለሚያጥር፣ የሽቦዎቹ አቅጣጫ ከካሜል የተለየ ነው፣ ልኩም እንደገና ከባዶ ይጀመራል።