ተራ ያቃተው ሰው፦ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 እና የአጅባር ሰንበቴ

በወሎ፣ በአጅባርና በመካነ ሰላም ደጋ ስለ ሰንበቴና ስለ ጽዋ ማኅበር ሲነሣ፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ከቁጥር 42 እስከ 47 ያለው ክፍል እንደ መሠረት ይጠቀሳል። የኢየሩሳሌም ምእመናን በትምህርት፣ በኅብረት፣ እንጀራ በመቁረስና በጸሎት እንዴት ይተጉ እንደነበር የሚተርከው ክፍል ነው። ማኅበሩ የዚያ ሥርዓት ወራሽ ነው ይባላል። ውርሱን አልክድም። ነገር ግን ክፍሉ ማኅበሩን የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ እሱ ሳይነሣ ይታለፋል።

«ኅብረት» የተባለው በግሪኩ ኮይኖኒያ ነው፤ «የጋራ» ከሚለው ኮይኖስ የወጣ ቃል። ስለዚህ ከመዋደድ አልፎ ገንዘብንና እህልን ይነካል። ጸሐፊው ሉቃስ ወዲያው ስለ መሸጥና ስለ ማካፈል ማውራቱም ያለ ምክንያት አይደለም። የግሪኩ ግሶች ተደጋጋሚ ድርጊትን ያሳያሉ፤ ችግረኛ በተገኘ ቁጥር ይሸጡ ነበር እንጂ ሁሉም በአንድ ቀን ንብረቱን አልጣለም። በምዕራፍ 5 ጴጥሮስ፣ መሬቱ ከመሸጡ በፊት የራሱ እንደነበር ለሐናንያ ይነግረዋል። በምዕራፍ 12 የማርቆስ እናት ማርያም የራሷ ቤት አላት። ንብረትን ፈጽሞ አንድ የማድረግን ኑሮ የያዙት የአንድነት ገዳማት ናቸው።

ለአጅባር ገበሬ ሌላም ችግር አለ። ከየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ መሬቱን ሸጦ ገንዘቡን ለሐዋርያት እንዳመጣው እንደ በርናባስ ላድርግ ቢል ሕጉ ይከለክለዋል። ታዲያ የእሱ መሬት ምንድን ነው? እንደሚመስለኝ በሬው፣ ዘሩና ጉልበቱ ነው። በሬና ጉልበት የሚጋሩበት ወንፈል ግን ብድር ነው፤ ዛሬ የሰጠ ነገ ይቀበላል። ባሏ የሞተባት፣ በሬም የደረሰ ልጅም የሌላት ሴት በምን ትመልስ? ደቦ ልጥራ ብትልም ጠላና እንጀራ ያስፈልጋታል።

ሰንበቴም በተራ ይሄዳል። ተረኛው ዳቦውንና ጠላውን ወደ ደጀ ሰላም ያመጣል፤ ነዳያንም ከማዕዱ ይቀምሳሉ። በሐዋርያት ሥራ መለኪያው ግን ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገው ነው፤ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱ በደህና ዘመን ይመሳሰላሉ። ገብሱን ውርጭ በመታው ዓመት ይለያያሉ። ያኔ ተራው የደረሰበት ድኻ መደገስ ያቅተዋል፤ ያፍራል፤ ቀስ ብሎ ይቀራል። ማንም አላስወጣውም።

የወሎን የለቅሶ መረዳጃ፣ ቅሬን፣ እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። ሉቃስ የጻፈው ስለ አማኞች ጉባኤ ነው፤ ቅሬ ግን ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በአንድ ለቅሶ ያቆማል። በስፋቱ ከጥቅሱ አልፏል ብል አላጋነንኩም። ሆኖም ቅሬ ዋና ሥራው ከሞት ጋር ነው፤ ጥቅሱ የሚናገረው ደግሞ በሕይወት ስላሉ ሰዎች የዕለት እንጀራ ነው።

የክፍሉ ፈተና የሚታየው በምዕራፍ 6 ነው። ግሪክኛ ተናጋሪ መበለቶች ከዕለቱ እደላ ተዘነጉ፤ ወገኖቻቸውም አጉረመረሙ። ሐዋርያት ያጉረመረሙትን አልገሠጹም። ሰባት ሰዎች አስመረጡ። ከእስጢፋኖስ እስከ ኒቆላዎስ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነውና፣ እደላው በተዘነጉት ወገን እጅ የገባ ይመስላል። የአጅባር ማኅበር ይህንንም ከወረሰ፣ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ «ተረኛው ማን ነው?» ብሎ ብቻ አያበቃም። «ካለፈው ዓመት ወዲህ የቀረው ማን ነው?» ብሎም ይጠይቃል፤ መልሱን እንዲያመጣ የሚላከውም አንድ ጊዜ አፍሮ ቀርቶ የተመለሰ ሰው ይሆናል።