ሞተሩ አለመቆሙ ብቻ አይበቃም

ከአዲስ አበባ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ባቡር መዳረሻ የሆነው የናጋድ ጣቢያ በጅቡቲ ከተማ ዳርቻ የተመረቀው በጥር 2009 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለውን ባቡር የሚጎትቱት ባለ ሦስት ፌዝ ሞተሮች ናቸው። ከሦስቱ ፌዝ አንዱ በጉዞ ላይ ቢቋረጥስ?

ባለሙያዎች አንድ ዘዴ አላቸው። የሞተሩ ኒውትራል በሽቦ ከተያያዘ፣ የሁለቱን ቀሪ ፌዞች ኮረንት 1.73 ጊዜ አሳድጎ በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን ከ120 ወደ 60 ዲግሪ መለወጥ ነው። ያን ጊዜ የሚሽከረከረው ማግኔታዊ መስክ እንደ ቀድሞው ይቀጥላል።

ስሌቱ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ዘዴውን የሚያወድሱ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ከዚህ ላይ ማቆማቸውን እንነቅፋለን። ሙቀት በኮረንቱ ስኩዌር መጠን ስለሚያድግ፣ በሁለቱ ጥምጥም ሽቦዎች እያንዳንዳቸው ሙቀቱ 3 እጥፍ ይሆናል፤ በኒውትራሉም ከመደበኛው የፌዝ ኮረንት 3 እጥፍ ያልፋል። በበጋ ከ40 ዲግሪ በሚበልጠው የጅቡቲ ሙቀት ይህ ሞተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

በእኛ አስተያየት ለባቡር የሚሻለው የታመመውን ሞተር ለይቶ ማቋረጥ ነው። ከስድስት ሞተር አምስቱ ቢሠሩ 83 በመቶ ጉልበት ይቀራል። ነጂውም ብልሽቱን አውቆ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

መምህራን ሆይ፣ ተማሪው «ሞተሩ ዞረ» ሲለን «በምን ዋጋ?» ብለን እንጠይቀው።