ውሃን የረሳ በረንዳ

ከዐድዋ ድል (1888 ዓ.ም.) ወዲህ በአዲስ አበባ የታነጹትን የመኳንንት ቤቶች የጎበኘ ሁሉ የበረንዳቸውን ቅርጻ ቅርጽ ያደንቃል። የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች እጅ አለበትና አድናቆቱ አይበዛበትም። ጥበቡ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል፤ ወለሉ በድንጋይ መሠረት ከመሬት ከፍ ብሏል፤ ሰፊው የጣሪያ ክፈፍም ዝናቡን ከእንጨቱ ያርቃል።

ዛሬ በየጓሮው የሚሠራው የጣውላ በረንዳ መልኩን ወርሶ ይህን ትቷል። ባሕር ዛፉ በቀጥታ አፈር ውስጥ ይተከላል፤ ምስጥ ባለበት ቀዬ ደግሞ ይህ ድግስ መደገስ ነው። ጣውላው ያለ ክፍተትና ያለ ተዳፋት ተገጥሞ የሐምሌን ውሃ ያቁራል። በሁለተኛው ክረምት ቡና ለመጠጣት ስንቀመጥ ከሥራችን ሲንቋቋ ሰምተናል! ጽድ ውድ ነው ይሉናል፤ እውነት ነው። ቋሚውን ድንጋይ ላይ ማሳረፍ፣ በጣውሎቹ መካከልም የእርሳስ ውፍረት ያህል ክፍተት መተው ግን የአናጢውን ሥራ በአንድ ቀን እንኳ አያስረዝምም።